ጋሽ ሙሄ አልሸጥም ያለኝ አምፕሊፋየር

ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር አንድ ነገር እየዘለልኩ ነበር። መምህር መሆኔን እናገራለሁ፤ ምን እንደማስተምር ግን አልናገርም። ዛሬ አልዘልም፤ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ስሜ ይመር እንደሆነ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ከባለቤቴ ከሐያትና ከሦስት ዓመቷ ልጃችን ከኢማን ጋር እንደምኖር ብታውቁ ይበቃል።

ሱስ አለብኝ። ጫት አይደለም፣ ሲጋራም አይደለም። የድምፅ ሱስ ነው። ሰው ሙዚቃ ያዳምጣል፤ እኔ የማዳምጠው ሙዚቃው እንዴት እንደሚሰማ ነው። መሰንቆው ከግራ ነው ከቀኝ? ከበሮው ላይ ያረፈው መዳፍ ነው ጣት? ዘፋኟ ትንፋሽ የሳበችው የት ጋ ነው? መንዙማ ስከፍት ሐያት ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ ተነስቼ ስፒከሩን ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አዞራለሁ። «ይመር፣ አንዴ እንኳ ቁጭ ብለህ አትሰማም?» ትለኛለች። እየሰማሁ እኮ ነው።

ሳሎናችን ውስጥ ለእንግዳ የታሰበው ጠረጴዛ የእኔ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ከአጠገቡ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ የምታጣራ የመዳፍ ያህል ሳውንድ ካርድ፣ ቀጥሎ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ ከግራና ከቀኝ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሁለት ስፒከሮች። እንግዳ ሲመጣ ሻይውን የሚይዘው በእጁ ነው።

ይህ ሁሉ ሰላም ነበር። ኅዳር ላይ ግን አንድ ድምፅ መጣ። እምምም የሚል። ሙዚቃ ባይከፈትም፣ እቃው እስከበራ ድረስ አለ፤ እኔ ደግሞ አጥፍቼው አላድርም። ንቦች ስፒከሩ ውስጥ ገብተው የሰፈሩ ይመስላል። አንዳንዴ ይጠፋል፤ ጠፋ ብዬ ደስ ሲለኝ ይመለሳል። ጠዋትና ማታ ይብሳል። መጀመሪያ ሽቦዎቹን ቀየርኩ። ቀጥሎ ሳውንድ ካርዷን በሌላ ለወጥኳት። ቀጥሎ ስፒከሮቹን አዟዟርኩ። የደሴ ብርድ ነው ብዬ አምፕሊፋየሩን ፎጣ ያለበስኩበት ሳምንትም ነበር።

«እዚህ ቤት ያልቀየርኩት አንቺን ብቻ ነው» አልኳት አንድ ቀን ተበሳጭቼ።

«እሱንም እያሰብክበት ነው» አለች ሐያት፣ ቀና ሳትል።

ድምፁን ከእኔ በላይ የጠሉት ግን አከራያችን ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ክፍላቸው ከእኛ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ሴት ናቸው። ስንከራይ ሦስት ደንብ አንብበውልናል። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ግቢ ውስጥ ውሃ አይደፋም። ሦስተኛውን ጣታቸውን ቀስረው ነበር የተናገሩት፤ «የኤሌክትሪክ ምድጃ ቤቴ ውስጥ እንዳላይ! ቤት ያቃጥላል።» እኛም በከሰልና በጋዝ ተወስነን ደንቡን አክብረን እንኖራለን።

«መምህር» ይሉኛል በር ላይ ቆመው፣ «ያ እቃህ ዛሬም ሲያጉረመርም አደረ። ጌታዬን፣ የሰው ነገር አይመስለኝም።»

«እትዬ፣ የአምፕሊፋየሩ እርጅና ነው። አዲስ እገዛለሁ።»

«ግዛ ወይ ጣል። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።»

እንግዲህ አዲስ ለመግዛት የአከራይ ፈቃድ አገኘሁ ማለት ነው። ልክ በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ አንድ ትልቅ አምፕሊፋየር ከነሳውንድ ካርዱ እንዳለ ሰማሁ። ሦስት ቀን አሰብኩ። ማሰቤ እንኳ ማሰብ አልነበረም፤ ልቤ ቀድሞ ወርዷል። ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩን በኢማን ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ የቀረውን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ።

«ልትጠይቅ ነው ልትገዛ?» አለችኝ ሐያት።

«ልጠይቅ።»

«ለመጠየቅ ኮምፒውተሩ አብሮ ይሄዳል?»

«ሐኪም ጋ የሚኬደው በሽተኛው ተይዞ ነው።»

ሐያት ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት ያገባችሁ ወንዶች ታውቁታላችሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ የተጠቀለለውን ኮምፒውተር ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር አጠገቤ ያሉት እናት ደጋግመው ብርድ ልብሱን ያዩታል። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ልጄ፣ ፊቱን ገለጥ አድርገው። ይታፈናል።»

«ልጅ አይደለም እናቴ። ኮምፒውተር ነው።»

እናትየው ፊቴን አዩት፣ ብርድ ልብሱን አዩት። ብርድ ልብሱ ላይ ጥንቸሎች አሉበት። «ምን ሆኖ ነው?»

«ታሞ... ማለቴ ተበላሽቶ። ድምፁ ነው።»

«አይናገርም?»

«ይናገራል፤ ግን እምምም ይላል።»

«ታፍኖ ነዋ!» አሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ሳቀ። ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ሁሉም ሰው መድኃኒት አዘዘልኝ። አንዱ አዲስ ግዛ አለኝ፣ አንዱ ቫይረስ ነው አለ፣ ረዳቱ ደግሞ ባትሪውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ አስጣው አለኝ። ስወርድ እናትየው «አላህ ያሽርልህ» ብለው ብርድ ልብሱን መታ መታ አደረጉት።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ጃኬቴን አውልቄ ኮምፒውተሩ ላይ ደርቤ፣ እየጠየቅሁ ሱቁን አገኘሁት። ጋሽ ሙሄ ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሌላው ግንባራቸው ላይ ያለ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የተፈታ ሬዲዮ ላይ ጎንበስ ብለው «አብሽር፣ ደርሻለሁ፣ አብሽር» እያሉት ነበር። ከሬዲዮው ጋር መሆኑን እስክረዳ ለእኔ መስሎኝ «አመሰግናለሁ» አልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሙሄ። አምፕሊፋየሩን ፈልጌ ነው።»

«ወአለይኩም ሰላም። ለምን ፈለግኸው?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። የእኔው እንዳረጀ፣ እምምም እንደሚል፣ አከራዬ እንዳስመረሩኝ ተናገርኩ። ያመጣኸውን ሰካው አሉኝ። ሰካሁት። አበራሁት። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት።

ጸጥ።

«የታለ?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«ይመጣል፣ ትንሽ ይጠብቁት።»

ጠበቅን። ሻይ ጠጣን። ሌላ ደንበኛ መጥቶ የእጅ ባትሪ አሠርቶ ሄደ። አምፕሊፋየሬ እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ጨዋ ልጅ ትንፍሽ አላለም። ሙዚቃ ከፈትን፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ወረደ። እኔ ግን ተናደድኩ። አንድ ጊዜ እንኳ እምምም ቢል ምን ነበረበት?

«ወላሂ ጋሽ ሙሄ፣ ቤት ውስጥ እኮ ያብዳል!»

«ቤትህ ያብዳል ማለትህ ነው» አሉና መነጽራቸውን ለወጡ። «ይሄ እቃ ጤነኛ ነው። አልሸጥልህም።»

«ምኑን?»

«ትልቁን። ምን ያደርግልሃል? ያንተው እኮ አልታመመም።»

ቢያንስ ልስማው ብዬ ለመንኩ። እያመነቱ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን አምፕሊፋየር በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው አበሩት። አንባቢዎቼ፣ ምን ልበላችሁ። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የሱቁ ቆርቆሮ ጣራ ከዜማው ጋር አብሮ ተንቀጠቀጠ። እንደዚያ ቀን ለእቃ ልቤ ደንግጦ አያውቅም። ከእንግዲህ ጤነኛ ነው አይደለም የሚለው ነገር አልታየኝም። ችክ አልኩ፤ ኮምቦልቻና ደሴ አየሩ ይለያያል አልኩ፤ ከፍታው ነው አልኩ፤ ያልሆነውን ሁሉ አልኩ።

ጋሽ ሙሄ ሰለቹ። «በል ውሰደው፣ ቤትህ ሞክረው። እዚያ ድምፁ ከጠፋ ትገዛዋለህ። ካልጠፋ ትመልሳለህ። እንዳትጥለው!» አሉ። መጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚሰድ አባት ነበር።

ደሴ የደረስኩት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሁለት አምፕሊፋየርና አንድ ኮምፒውተር ተሸክሜ ነው። ሐያት በሩን ከፍታ ሸክሙን ቆጠረች። «ጠየቅህ?» አለች።

«ለሙከራ ነው። ለሙከራ ብቻ።»

ትልቁን አገናኝቼ አበራሁት።

እምምምምምም።

ያውም እንዴት ያለ! የእኔዋ ንብ ከነበረች ይሄኛው የእህል ወፍጮ ነው። የመስኮቱ መስታወት ተንጫጫ። ኢማን ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ባንድ ትከሻ ጥለው ደረሱ።

«መምህር! ያ ሕፃን ነበር እንዴ? ዛሬ አባቱን አመጣህብኝ?»

«እትዬ፣ ሙከራ ነው...»

«ሙከራው በቃኝ። ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቁልኝ።»

ይህን ብለው ሄዱ። ሐያት ወደ ጓዳ ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ካርቶን አውጥታ የኢማንን ልብሶች እያጠፈች መክተት ጀመረች፤ ቤቱን ለመልቀቅ ስትዘጋጅ መሆኑ ነው። ለአንድ አምፕሊፋየር ብዬ ልጄን ከቤቷ ላስወጣት ነው ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ሙሄ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ያዝኩላቸው። ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ ስትነካው እጅህን ይነዝርሃል?»

«ትንሽ። ለምደነዋል።»

«ለመዳችሁት?»

«እንደ መኮርኮር ነው እንጂ እንደዚያም አይደል። ኢማን እንኳ ስሙን ኮርኳሪው ብላዋለች። እየነካች ትስቃለች።»

ከወዲያ በኩል መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሦስት።»

«ይመር፣ አሁኑኑ ሁሉንም ከሶኬት ንቀል። ልጅቷን አታስጠጋት። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።» ቀጥለውም «ለመሆኑ ምንድን ነው የምታስተምረው?» አሉኝ።

ቦታው ደረሰ፣ አንባቢዎቼ።

«ፊዚክስ» አልኩ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ ስልኩን ዘጉት።

አዎ፣ ፊዚክስ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያወራውን ምዕራፍ ለስንት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሬያለሁ። የመሬት ሽቦ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንደሚያወርድ፣ የእቃ ቆርቆሮ እጅ ሲነዝር ምን ማለት እንደሆነ ለፈተና አውጥቼ፣ የተሳሳተውን ልጅ «አታነብም እንዴ!» ብዬ ተቆጥቻለሁ። ቤቴ ስገባ ግን እቃው ያረጀ መሰለኝ። ለምን? ልንገራችሁ አይደል፤ እቃው እንዲያረጅ ፈልጌ ነበር። ካላረጀ አዲስ አይገዛማ።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ሙሄ ካፖርት ላይ ካፖርት ደርበው፣ ፎጣ ጠምጥመው፣ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ይዘው ደረሱ። «ይሄ አገር ሰው ይኖርበታል?» አሉ ከሰላምታቸው ቀጥሎ። መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ ትልቁን አምፕሊፋየር ነው። ደህና ማደሩን ካረጋገጡ በኋላ የእኔን አሮጌውን እንድሰካ አዘዙኝ፤ ማንም ቆርቆሮውን እንዳይነካ አስጠነቀቁ። ሐያት ኢማንን አዝላ በሩ ላይ ቆመች።

አበራነው። ጸጥ።

«ኧረ በአላህ!» አልኩ ራሴን ይዤ። «ሊያዋርደኝ ነው የተነሳው!»

«ዝም በል» አሉ ጋሽ ሙሄ። አምፖል አብርተው አጠፉ። ማቀዝቀዣውን አብርተው አጠፉ። ካውያውን ሰኩ፣ ነቀሉ። ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስፒከሩ ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። እኔ በሐፍረት ወለሉን ሳይ፣ የግቢው በር ተከፈተ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ ሰጥተውን ክፍላቸው ገቡ። ጫማቸውን ሲያወልቁ ይሰማል። አልጋቸው ሲንቋቋ ይሰማል።

ከዚያ፣ እምምምም።

ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኔ «ይኸው! አላልኩም?» ብዬ ዘለልኩ፤ እሳቸው ግን ስፒከሩን አላዩትም። ተነስተው በግድግዳው ላይ መዳፋቸውን እያሳረፉ፣ እየዳሰሱ፣ ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ተከተልናቸው። ከእትዬ ክፍል ጋር የሚያዋስነን ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይመር፣ ይሄ ግድግዳ ፀሐይ ያገኘዋል?»

«አያገኘውም።»

«ታዲያ ለምን ሞቀ?»

እጄን አስጠጋሁ። የሻይ ብርጭቆ ያህል ይሞቃል።

«እዚህ ጋ ማን ነው የሚተኛው?»

ግድግዳው ሥር ያለው ትንሽ አልጋ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ግን ሐያት መለሰች። «ኢማን። ጀርባዋን እዚያ ካላስጠጋች እንቅልፍ አይወስዳትም።» ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርሰው ድምፅዋ ተቀይሮ ነበር።

ጋሽ ሙሄ ወዲያው ወጥተው ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፉት። የእትዬን በር አንኳኳን።

«እትዬ» አልኩ፣ «እርስዎ ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምን አለ?»

«አምፖል።»

«ሌላ?»

«ሌላማ ምን ይኖረኛል? የሞተ ባሌ ፎቶ አለ። እሱም አይበራ።»

«እናቴ» አሉ ጋሽ ሙሄ ለስለስ ብለው፣ «ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን ትተኛለች።»

እትዬ ጥሩወርቅ ጋሽ ሙሄን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላችን የቆመችውን ሐያትንና ጀርባዋ ላይ አውራ ጣቷን የምትጠባውን ኢማንን አዩ። ከዚያ ከበሩ ዞር አሉ። የአልጋቸውን ልብስ ገለጥ ሲያደርጉት፣ አልጋው ሥር፣ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገና እንደ ፍም ቀልቶ ተቀምጧል።

«እግሬ እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ኅዳር ሲገባ እግሬ በረዶ ይሆናል።»

የምድጃው ሽቦ በአልጋው ሥር ሄዶ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ እኛ በኩል ይገባል። የተቀጠለው ድሮ ሁለቱ ክፍል አንድ ቤት ሳለ ከነበረ ሶኬት ነው፤ እትዬ ያስቀጠሉት ሰው ሽቦውን ከእኛ የመሬት ሽቦ ጋር አጠላልፎ በፌስታል ጠቅልሎ ሄዷል፤ ምድጃው በበራ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ወደ እኛ እቃ ያፈተልካል። ጋሽ ሙሄ የኢማንን አልጋ ስበው፣ ግድግዳው የተለበጠበትን ካርቶን በቢላ ቀደዱት። ከካርቶኑ ጀርባ ያለው የግድግዳው እንጨት የትሪ ስፋት ያህል ከስሏል። ጣታቸውን ቢያስጠጉት ፍርፍር አለ። ካርቶኑ ራሱ ከውስጥ በኩል እንደ ቆሎ ተጠብሷል።

ሐያት ኢማንን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አዞረቻት። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሌሊቶቹን ሁሉ አሰብኩ። እኔ እዚያ ማዶ ስፒከር በሁለት ጣት ሳዞር፣ እሷ እዚህ ጀርባዋን አስጠግታ። ድምፁ ስንት ጊዜ ጠራኝ፤ እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ዝም ላሰኘው ሞከርኩ።

ጋሽ ሙሄ ግድግዳውን መመርመር አላቆሙም። «ይሄ እንጨት ለምን እርጥበት አለው?» አሉ ከከሰለው ሥር ያለውን እየነኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠበል ነው።»

«ምን?»

«ማጉረምረሙ ሲብስብኝ ርኩስ መንፈስ መስሎኝ... በየሳምንቱ እረጨው ነበር።»

ጋሽ ሙሄ ሽቦውን አዩ፣ እርጥበቱን አዩ፣ የቀይ ጢማቸውን ጫፍ ያዙ። «ሽቦ ላይ ውሃ?»

«ጠበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም!» አሉ እትዬ ቆጣ ብለው።

ጋሽ ሙሄ ቢላቸውን ወደ ሣጥኑ መለሱ። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እርስዎንም አልገደለ፣ እሳቱንም አላስነሳ። እኔ በዚህ አልከራከርም።» ሐያት መሳቅ ጀመረች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ የሚስቀውና የሚያለቅሰው ተለይቶ አልታወቀም። እትዬ የኢማን አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«መምህር፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ከነጠላው ውስጥ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውጡልኝ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በእመቤቴ፣ አትውጡብኝ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ በዛ። ጋሽ ሙሄ የተቃጠለውን ሽቦ ከሥሩ ነቅለው አዲስ ዘረጉ። እኔን ወፍራም ብረት አስይዘው ግቢው ውስጥ መሬት አስደበደቡኝ፤ የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት ነው። «በለው፣ መምህር! ተማሪዎችህ አያዩህም!» ይሉኛል ካፖርታቸው ውስጥ ተጠቅልለው። እጄ ውሃ ቋጠረ። ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ያን ቀን ተማርኩት።

ሲያልቅ አሮጌውን አምፕሊፋየር ሰካን። የኮምፒውተሩን ቆርቆሮ መጀመሪያ የነካሁት እኔ ነኝ። አይነዝርም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ምንም። ግን ምንም የሚባለው ነገር ውስጥ ስንት ነገር አለ! ከሰል ሲንጣጣ፣ ጋሽ ሙሄ ሲተነፍሱ፣ ኢማን እጅጌዋን ስታኝክ። መንዙማ ከፈትኩ። አልተነሳሁም። ስፒከሩን አላዞርኩም።

«አሁን ጤነኛ ነህ» አሉኝ ጋሽ ሙሄ። «አሁን ትልቁን ከፈለግህ እሸጥልሃለሁ።»

ትልቁን አገናኝተን ሰማነው፤ መልሰን ትንሹን ሰማን። እውነቱን ልናገር፣ ትልቁ ይሻላል። ውሸት የለም፣ ልዩነት አለው። ሐያትን አየኋት። «ውሰደው ካልክ ውሰደው» አለች፤ ከልቧ ነበር። አሥር ዓመት ስመኘው የኖርኩትን ቃል በአንድ እሑድ አገኘሁት። አፌን ከፍቼ ያወጣሁት ግን «ይመለስ» የሚል ነው። ለምን እንዳልኩ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ኋላ ሳስበው፣ የእኔዋ እቃ ወራት ሙሉ እውነቱን ስትነግረኝ ከርማ በሌላ ልለውጣት አፍሬ ይመስለኛል።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ሙሄ፤ ትልቁን አምፕሊፋየር ብድግ አድርገው አቀፉት። «እኔም ልለየው አልቻልኩም ነበር። ትናንት ማታ ሱቁ ጭር ብሎብኝ አመሸሁ።»

ጥንቸሎች ያሉበት የኢማን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

ይኸው ነው፣ አንባቢዎቼ። ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ አንደኛ ነገር ያን ምዕራፍ ሳስተምር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ተማሪዎቼ ትምህርቱን በጣም የምወደው ይመስላቸዋል። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ልገዛ ልቤ ሲቸኩል፣ ምን ላለማየት ነው የቸኮልኩት እላለሁ። ሁልጊዜ መልስ አላገኝም፤ አንዳንዴ እቃው እውነትም ያረጀ ነው። እናንተም ዛሬ ቤታችሁ የሚነዝር፣ የሚኮረኩር፣ «ለምደነዋል» የምትሉት ነገር ካለ ጽሑፉን አቁማችሁ ሰው ጥሩ። እኔ እጠብቃለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ምድጃው ስለተወሰደባቸው ከእኛ ጋ ማምሸት ጀመሩ። ሐያት የሙቅ ውሃ ላስቲክ እግራቸው ሥር ታደርግላቸዋለች። በስፒከሮቹ መሐል ካለው፣ ድምፁ ከሁሉ ከሚያምርበት፣ የእኔ ከነበረው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ባለፈው ሳምንት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና «መምህር» አሉኝ፣ «ከበሮው ትንሽ ሳሳ። ያ ሽማግሌ የወሰደው አይሻልም ነበር?»

ኢማን አሁን የምትተኛው በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ታድሷል፤ ጋሽ ሙሄም ሁለት ጊዜ መጥተው አይተውታል። ሐያት ግን የተኛሁ ሲመስላት ተነስታ፣ ከኢማን ራስጌ በላይ ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስሳለች። ቀዝቃዛ መሆኑን ስታረጋግጥ ተመልሳ ትተኛለች። ዓይኔን በከፊል ገልጬ አያታለሁ፤ አይቼሻለሁ ብያት አላውቅም። እሷ ስትተኛ ደግሞ እኔ እነሳለሁ።